ሳይቆረጥ የሚለካ ዛፍ

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። የደን ሙያ ግን ለረጅም ዘመን የሠራው በተገላቢጦሽ ነው፤ ለመለካት መጀመሪያ ቆርጧል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨት እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1713 ሀንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የተባለ፣ በጀርመን ሳክሶኒ የማዕድን ሥራ ሹም፣ ከሚበቅለው በላይ አትቁረጡ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የማዕድን ማቅለጫዎች ደኑን እየጨረሱት ነበር። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ስንት እንደበቀለ በምን ይታወቃል? ከእሱ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ናሙና ዛፎችን ጥለው፣ ግንዱን በየቁራጩ ለክተው ሠንጠረዥ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የቆመውን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ ደረት አካባቢ ይለካሉ፤ የቀረውን ሠንጠረዡ ይነግራቸዋል። ሠንጠረዡ ግን የሌሎች ዛፎች አማካይ ነው።

አዲስ አበባንም የእንጨት እጥረት ሊያስለቅቃት ነበር። ዙሪያዋ ሲራቆት ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ ከተማዋን ካቆዩአት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍ የብዙ ገበሬ ባንክ ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በቁሙ ነው፦ ነጋዴው ይመጣል፣ በዓይኑ ይቃኛል፣ ስንት አጠና ስንት ማገር እንደሚወጣው ገምቶ ዋጋ ይጠራል። በየቀኑ የሚገምት ሰውና በስንት ዓመት አንዴ የሚሸጥ ሰው ሲደራደሩ ማን እንደሚያተርፍ አስቡት።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ሌዘር ስካነር ነው። በሦስት እግር ቆሞ እየዞረ ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ግንድ ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል። የሚወጣው ሚሊዮን ነጥብ ነው። ኮዱ በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይለያል፤ ሦስቱን በዕጣ አንስቶ ክብ ይሠራል፤ ስንት ነጥብ ክቡ ላይ እንዳረፈ ይቆጥራል፤ ደጋግሞ ሞክሮ ብዙ ድምፅ ያገኘውን ይመርጣል። ፊሽለርና ቦልስ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ለምስል ትንተና እንጂ ለደን አልነበረም። ከባድም ነገር አለው፦ የፊቱ ግንድ የኋላውን ስለሚጋርድ መሣሪያው ቦታ እየቀያየረ ይተከላል። ተቆርጦ ከአንድ ጉቶ ብዙ ሆኖ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ደግሞ ክቦቹን ያነባብራቸዋል።

እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱ ዛፍ ሳይወድቅ በራሱ ቅርፅ ይለካል። መሣሪያው ግን ውድ ነው። ነጋዴው ብቻ ከያዘው ድሮም የበለጠው ዓይኑ ጭራሽ ይሰላል፤ ገበሬዎች በማኅበር ከያዙት ድርድሩ ሌላ ይሆናል። እስከዚያው የልብስ ሰፊ ሜትርም ይበቃል እኮ፤ 1.3 ሜትር ላይ ዙሪያውን ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ነው።