ለጉዞ ሲወጡ ውሻን ወይም ድመትን በአደራ ስለመስጠት

ውሻ ወይም ድመት ያለው ሰው ከመኖሪያው ርቆ ሲሄድ እንስሳውን ለጎረቤት፣ ለዘመድ ወይም ለቤት ሠራተኛ በአደራ መተው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ያደረሰው ጉዳትም ቢሆን ከኃላፊነት አያድነውም። ስለሆነም ባለቤቱ ከመጓዙ በፊት የሚከተሉትን ማሟላት ይኖርበታል።

1. አደራ ተቀባይን ስለመምረጥ

አደራ ተቀባዩ ለአካለ መጠን የደረሰና እንስሳው የሚያውቀው ሰው ሊሆን ይገባል። ከጉዞው አስቀድሞም በባለቤቱ ፊት ደጋግሞ እንዲመግበውና እንዲያስረው ማድረግ ያስፈልጋል። ሕፃናት ሲነከሱ ወይም ሲቧጨሩ ሳይናገሩ ሊቀሩ ስለሚችሉ ኃላፊነቱ ለእነርሱ ብቻ አይሰጥም።

2. ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያልታደሰ ከሆነ ይታደሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ እንስሳ የመከላከል አቅሙ እስኪዳብር ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ክትባቱ ለጉዞ ዋዜማ መተው የለበትም። የክትባት ካርዱ በአደራ ተቀባዩ እጅ ይቀመጣል።

3. በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ

• የምግቡ ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት። ጉዞው በጾም ወራት ከሆነ በአደራ ተቀባዩ ቤት የሥጋ ትራፊ ላይኖር ስለሚችል በቂ ምግብ ወይም ገንዘብ መተው ይገባል።
• የተከለከሉ ምግቦች፦ ሽንኩርት ያለበት የወጥ ትራፊ፣ ቸኮላትና የበሰለ የዶሮ አጥንት።
• ውሻው በሌሊት የሚፈታ ከሆነ የሚፈታበትና የሚታሰርበት ሰዓት፣ እንዲሁም የግቢው በር ስለሚዘጋበት ሁኔታ።
• የባለቤቱ ስልክ፣ ባለቤቱ በማይገኝበት ጊዜ የሚወስን ሌላ ሰው ስልክ፣ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አድራሻ።
• እንስሳው ቢታመም አደራ ተቀባዩ ባለቤቱን ሳይጠብቅ እስከ ስንት ብር ማሳከም እንደሚችል።

በተጨማሪም የሚደዋወሉባቸውን ቀናት አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል።

4. እንስሳው ሰው ቢነክስ ወይም ቢቧጭር

አደራ ተቀባዩ የሚከተለውን በቅድሚያ ሊያውቅ ይገባል። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የተነከሰው ሰውም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ በባህል መድኃኒት ወይም ባለቤቱ እስኪመለስ በመጠበቅ ጊዜ ማባከን አይገባም።

የነከሰው ውሻ ወይም ድመት አይገደልም፤ ለ10 ቀናት ከሰው ተለይቶ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትትል ይደረግበታል። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን የክትትሉን ውጤት አይጠብቅም።

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቱ ሲመለስ በቆይታው ወቅት የደረሰ ንክሻ፣ መጥፋት ወይም የጠባይ ለውጥ መኖሩን አደራ ተቀባዩን መጠየቅ፣ ካለም ለቅርብ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።