የይግባኝ መጨረሻ፤ ከዙፋን ችሎት እስከ ሰበር

ቅዱስ ጳውሎስ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ይግባኝ ወደ ቄሣር ባለ ጊዜ፥ አገረ ገዥው ሊከለክለው አልቻለምና ወደ ሮም ሰደደው። የኢትዮጵያም ባላገር ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ መብት ነበረው። በቆቦ ሜዳ በከብት ወይም በርስት ወይም በደም ነገር የተከራከረ ሰው፥ የምስለኔውና የአገር ገዥው ፍርድ ቅር ካሰኘው፥ ስንቁን በአገልግል ይዞ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ይወጣ ነበር። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መኪና ሳይገባ ሳምንታት ያስኬድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ታስሮ በቁራኛ ሲሄዱ፥ አንዱ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ከዳኛ ፊት ሳይደርሱ በመንገድ የታረቁ ባለጋሮች ቢኖሩ አያስደንቅም።

ዙፋን ችሎት የሚባለው ይህ የፍርድ መጨረሻ ነው። ነገሩን የሚሰማውና የንጉሡን ቃል የሚናገረው አፈ ንጉሥ ሲሆን፥ የቀኝና የግራ ወምበሮች ይረዱታል፤ የከበደ ነገር ሲመጣ ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥቱን ገልጠው ያነባሉ። ፍርድ የሚሰጠውም ከታናሹ ተጀምሮ ነበር። በማዕርግ ዝቅ ያለው አስቀድሞ ይናገራል፥ ከዚያ በላይ ያለው ይከተላል፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሁሉ በኋላ ይፈርዳሉ። ይህም ሥርዐት እጅግ የታሰበበት ነው፤ ትልቁ አስቀድሞ ቢናገር ከእርሱ የሚለይ ታናሽ ከወዴት ይገኛል? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀው አፈ ንጉሥ ነሲቡ፥ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ የፍርድ ሚኒስትር ሆነዋል።

ዳሩ ግን ዙፋን ችሎት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በዚያ የተሰጠው ፍርድ ለባለጉዳዩ ምሕረት ወይም ቅጣት ሆነ እንጂ፥ ለሚመጣው ዳኛ ሕግ አልሆነም። ደግሞም ተፈረደ የተባለው ነገር በአዲስ አቤቱታ ሊነሣ ስለሚችል፥ የረታው ሰው ተረጋግቶ መተኛት አይችልም ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ስለ ፍርድ አሠራር የተነገረ ዐዋጅ ደረጃውን በጽሕፈት አቆመ። የራያና ቆቦ አውራጃ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ስለ ነበረ፥ የቆቦ ነገር ከወረዳ ወደ አውራጃ፥ ከአውራጃ ወደ ደሴ፥ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ከዚያም አፈ ንጉሡ ወደሚመሩት ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ይወጣ ጀመር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዙፋን ችሎት እንደ ቀድሞው ጸንቶ ኖረ፤ የሞት ፍርድም ንጉሠ ነገሥቱ ሳያጸኑት አይፈጸምም ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ እንኳ ስለዚህ ችሎት ደንብ አወጣለት እንጂ አላስቀረውም። የቀረው በ1967 ዓ.ም. ከዙፋኑ ጋር ነው።

በራያ አገር ግን በላይ የተፈረደው ሁሉ በታች ያልቃል ማለት አይደለም። ገዳዩ ቢቀጣም፥ የሟች ወገን ደሙን በልቡ ይይዛልና፥ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ካላደረቁ፥ ወንድም ስለ ወንድሙ ይገደላል። ትልቁ ፍርድ ቤት ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ሥልጣኑ በተከሰሰው ላይ ነው እንጂ ባልተከሰሰው ዘመድ ልብ ላይ አይደለምና።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የቆመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥራው ከዙፋን ችሎት ይለያል። ከቆቦ ወረዳ ተነሥቶ በወልድያና በባሕር ዳር ያለፈ ነገር ወደ ሰበር ችሎቱ ሲደርስ፥ ዳኞቹ ምስክር አይሰሙም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ወይስ የለም ብለው ይመረምራሉ እንጂ። ስሙም ከሥራው የተወሰደ ነው፤ የተሳሳተውን ፍርድ ይሰብራልና። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከ5 ያላነሱ ዳኞች ተቀምጠው የሰጡት የሕግ ትርጓሜ የበታቹን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል፤ ለዙፋን ችሎት የጎደለው ይህ ነበር። የሕገ መንግሥትን ትርጓሜ የሚወስነው ግን ይህ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ፍርዱም በአዲስ አበባ ከተሰጠ በኋላ የሚፈጸመው እዚያው ክርክሩ በተጀመረበት ስለ ሆነ፥ መዝገቡ ወደ ቆቦ ይመለሳል።