በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማንበብን መማር፦ የዌልስ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ
(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የንባብ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋና የሚፈጀው ጊዜ በአብዛኛው የሚወሰኑት ተማሪው ሊደርስበት በሚፈልገው ግብ ነው። ከኬልት ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በዌልሽ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተካሄደው የንባብ ትምህርት ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ይሆናል።

በዚያን ዘመን አብዛኛው የዌልስ ሕዝብ ከዌልሽ በስተቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በ1588 በሙሉ ወደ ዌልሽ ተተርጉሞ ቢታተምም ሊያነበው የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር። ከ1699 በኋላ የተከፈቱት የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል ከመድገም አያልፉም ነበር።

በካርማርዘንሽር የላንዶውሮር ደብር አገልጋይ የነበሩት ቄስ ግሪፊዝ ጆንስ ይህን በመገንዘብ ከ1731 ገደማ ጀምሮ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶችን አቋቋሙ። የትምህርቱ ግብ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ቋንቋው ራሱ እንዲያነብ ማስቻል ነው። ስለዚህ ጽሕፈትና ሒሳብ ከትምህርቱ ውጭ ሆኑ። መምህሩ በአንድ ሰበካ ሦስት ወር ያህል ካስተማረ በኋላ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ትምህርቱ በአመዛኙ የእርሻ ሥራ በሚቀንስበት በክረምት ወራት በቤተ ክርስቲያን፣ በጎተራ ወይም በገበሬ ቤት ይሰጣል። ቀን ሥራ የሚውሉ አዋቂዎችና አገልጋዮች ማታ ይማራሉ። የዌልሽ አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የቃሉን ድምፅ በወጥነት የሚከተል መሆኑ የጊዜውን ማጠር ረድቶታል።

ቄስ ጆንስ በ1761 እስኪያርፉ ድረስ ከ3,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ከ150,000 በላይ የቀን ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የተቆጠሩ ቢሆኑም፣ የማታ ተማሪዎች በቁጥሩ ውስጥ አልገቡም። የአገሩ ሕዝብ በጠቅላላው ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ሲታሰብ ውጤቱ ከፍ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው የቆመው በጥቂት ለጋሾች ችሮታ ላይ ነበር። ከቄሱ በኋላ አመራሩን የያዙት ወይዘሮ ብሪጄት ቤቫን በ1779 ሲሞቱ፣ ለትምህርት ቤቶቹ የተናዘዙት 10,000 ፓውንድ በፍርድ ቤት ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ታገደ። ትምህርት ቤቶቹም ተዘጉ። የንባብ ትምህርቱን በኋላ የተረከቡት በዌልሽ የሚያስተምሩ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ዕለታዊው ትምህርት ግን ወደ እንግሊዝኛ አዘነበለ። ዌልሽ የማያውቁ ሦስት የመንግሥት መርማሪዎች በ1847 ባቀረቡት ዘገባ ቋንቋውን ለሕዝቡ ዕድገት እንቅፋት አድርገው ገለጹት። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ዌልሽ ሲናገር የተገኘ ሕፃን አንገቱ ላይ የእንጨት ምልክት ይንጠለጠልበት ነበር። ዌልሽ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በመላው ዌልስ የሥርዓተ ትምህርቱ አካል እንዲሆን በሕግ የተደነገገው በ1988 ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ግቡ ግልጽ ሆኖ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ከተሰጠ፣ የንባብ ትምህርት በጥቂት ወራት ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘላቂ በጀትና ተቋም ያልተዘጋጀለት ትምህርት፣ ዘዴው የቱንም ያህል የተሳካ ቢሆን፣ በአንድ ሰው ሞት ሊቋረጥ ይችላል። መምህሩ የመጀመሪያውን፣ የዕቅድ ባለሙያው ሁለተኛውን ሊያስቡበት ይገባል።