ድንገተኛ የልብ ሕመምና የኪስ አቅም በደቡብ አፍሪካ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 3 ቀን 1967፥ በኬፕ ታውን ከተማ በግሩት ስኩር ሆስፒታል፥ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የሰውን ልብ ወደ ሌላ ሰው በማዛወር የመጀመሪያው ሐኪም ሆኑ። ሆስፒታሉ የመንግሥት ነበር፤ የሕሙማኑም ክፍሎች በዘር የተለዩ ነበሩ። ይህን ያህል ጥበብ በሕዝብ ገንዘብ ከተገኘ፥ ዛሬ የልብ ሕክምና ስለ ምን በይበልጥ በግል ሆስፒታል ይገኛል? ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚነሣው ልብን የሚመግበው ደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ነው። መክፈቻው ሁለት ነው። አንደኛው መድኃኒት ነው፤ በ1988 የታተመው፥ 17,187 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት፥ ስትሬፕቶኪናዝና አስፕሪን አብረው ሲሰጡ ሞትን በ42 በመቶ ያህል እንደሚቀንሱ አስረድቷል። ሁለተኛው በ1977 ዶክተር አንድሬያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ የጀመሩት፥ ደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ የመክፈት ዘዴ ነው። ይህም በ2 ሰዓት ውስጥ ከተደረሰበት ከመድኃኒቱ ይበልጣል።

በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መድን ያለው ከ100 ሰው 16 ያህሉ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ይህ የቱቦ ሕክምና የሚሰጥባቸው ክፍሎች የሚበዙት በግል ሆስፒታሎችና በትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ የመንግሥት ሆስፒታል ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መድኃኒቱን ነው፤ እርሱንም በጊዜ ከደረሰ። የዘር መለያየት አገዛዝ በ1994 ቢያከትምም፥ ገንዘብ መለያየቱን አልተወም።

በሜይ 2024 የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ተፈርሟል። በእኛ አስተያየት ሕጉ የሚመዘነው በአንቀጾቹ ብዛት አይደለም፤ ድኻው ልቡ በታመመ ጊዜ በስንት ደቂቃ ከሕክምናው እንደሚደርስ ነው እንጂ።