ባዶው ቦታም ስም አለው

ወጣቶች መጽሔት በኮምፒውተር ስናቀናብር «ማርጂን»፣ «ኮለም» እንላለን። የደቡብ ጎንደር የብራና ጸሐፍት ግን ለእነዚህ የቆየ ስም አላቸው። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያለ ቀለም ያሰምረዋል። ጽሑፉ የሚወርድበት ዓምድ፣ ዙሪያው ባዶ የሚቀረው ኅዳግ፣ በገጹ ራስ የሚሣለው ጌጥ ሐረግ ይባላል። መዝሙረ ዳዊት በአንድ ዓምድ፣ ትልልቅ መጻሕፍት በሁለት ወይም በሦስት ይጻፋሉ። የጋይንቷ ቤተ ልሔም በምትታወቅበት ድጓ ደግሞ የዜማው ምልክት ከፊደሉ በላይ፣ በመስመሮቹ መካከል ይሰፍራል።

እ.ኤ.አ. በ1840 አቡ ሩሚ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማተሚያ ፊደል በወረቀት ላይ ተሟልቶ ታተመ። ዓምድና ኅዳግ ግን ስማቸውን እንደያዙ እኛ ዘንድ ደረሱ።

ብራና ውድ ነው፤ ጸሐፊው ግን ኅዳጉን አልሞላውም። እኛም ወረቀት ለመቆጠብ ብለን ገጹን አናጨናንቀው። ዓይኑ የደከመ አንባቢ መልእክቱን ሳይጨርስ ያስቀምጠዋልና።