የአራዳ ልጆች ቡድን

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አገሩ ጦርነት ላይ ነበር። ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ የዘመተው ሠራዊት በሰሜን ግንባር ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ እየወረደበት ነበር። በዚያው ወር አዲስ አበባ አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሰፈራቸውን ልጆች ሰብስበው የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት።

አገር እየነደደ ኳስ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ያን ጊዜ የተሠራውን ሥራ እንደ ጨዋታ ብቻ አላየውም። በከተማዋ ኳስ የሚያንከባልሉት በአመዛኙ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ አርመኑም ግሪኩም ጣሊያኑም በየማኅበሩ ቡድን አለው። ባለአገሩ ዳር ቆሞ ተመልካች ነው። የአራዳ ልጆች ሜዳው ውስጥ ሲገቡ የያዙት ስም ደግሞ ተራ ስም አልነበረም። አራዳ ጊዮርጊስን ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩት ለዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበርና። ያ ጠላት ለሁለተኛ ጊዜ እየመጣ ባለበት ወር ይህን ስም ሰምቶ ዐድዋን የማያስብ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም።

እኛ መንዞች ይሄ ነገር ቶሎ ይገባናል። በልጅነቴ ዘመሮ ላይ ለገና ጨዋታ የምንቧደነው በየደብራችን ነበር። ዱላችንን ከዱር ቆርጠን፣ በእሳት ለብልበን፣ ጎብጦ እስኪደርቅ ድንጋይ ጭነንበት እናከርማለን። ቆሎአችንን በኪሳችን ይዘን የታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ስንወርድ የምንጠራው የታቦታችንን ስም ነው። ለታቦቱ ስም ሲባል የማይሮጥ እግር የለም።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ተያዘች። በዓመቱ፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ሰሞን፣ ፋሺስቶች ራሱን አራዳ ጊዮርጊስን አቃጠሉት። ከቡድኑም ላይ የጊዮርጊስን ስም ገፈው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ለጠፉበት። ጥቁርና ነጭ አንድ ሜዳ ላይ አይገናኙም ተባለ፤ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ብቻ ይጫወት ተብሎ ታዘዘ። በዚያ ዘመን አያቴ እዚሁ መንዝ ገደል ለገደል ከአርበኞች ጋር ነበር። የሸዋን አርበኛ የሚመሩት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አያቴ ኳስ የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ ሞተ። ቢሆንም ከተማ ውስጥ በተለጠፈባቸው ስም እየተጠሩ፣ የራሳቸውን ስም በልባቸው ይዘው የተጫወቱትን ልጆች ከእሱ ወገን እቆጥራቸዋለሁ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። መስከረም 1 ቀን 1914 ጅማ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ገና በጉርምስናው ጊዮርጊስ ገባ። ለክለቡ 365 ጨዋታ ተሰልፎ 318 ጎል አግብቷል። ነፃነት ሲመለስ የክለቡም ስም ተመለሰ። በ1936 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ ከተወዳደሩት አምስት ቡድኖች የአገሬው ሰው ቡድን ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። የቀሩት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ቡድን ናቸው፤ ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ጊዮርጊስ የመጀመሪያ ሻምፒዮንነቱን ያገኘው በ1942 ነው።

ይድነቃቸው ግን በጎሎቹ ብቻ የሚታሰብ ሰው አይደለም። በ1949 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ የተሰበሰቡት። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። በወጣትነቱ «ከነጭ ጋር አትጫወትም» የተባለው የአራዳ ተጫዋች ያንኑ ሕግ በሌላ አገር ስም ተጽፎ ሲያገኘው ዝም አላለም። ከ1964 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ ነሐሴ 1979፣ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመራ አፓርታይድን በመቃወም በየስብሰባው ተሟግቷል። እኔ ለዚህ ሰው ያለኝን አክብሮት በቃላት ልጨርሰው አልችልም።

ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አሠልጣኙ ይኸው ይድነቃቸው ነበር። አራተኛዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁም የጊዮርጊስ ልጅ ነው።

ደርግ ሲመጣ ስሙ እንደገና ወረደ። ክለቡ በቢራ ፋብሪካው ስም ተጠራ፤ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይም ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ በቢራ ስም ነው። ይህን ዘመን እኔም አስታውሰዋለሁ። አባቴ አንድ ሬዲዮ ነበረው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ላይ እናሰጣውና እሑድ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን እየጎተተ ደጃችን ይሰበሰባል። ሬዲዮው «ቢራ» ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውም ቢራ ብለው ሲጠሩት አልሰማሁም። «ጊዮርጊስ ስንት አገባ?» ነበር የሚሉት። አዲስ አበባን ረግጠው የማያውቁ፣ ስታዲየሙ ወዴት እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዴ አንድ ካድሬ አጠገባችን ቆሞ ሊያርም ሞከረ፤ እማማ አንዷ «ልጄ፣ የክርስትና ስም በአዋጅ አይሻርም» ብለው ዝም አሰኙት።

ስሙ በኋላ ተመልሷል። ፈረሰኞቹ የሚባሉት ጊዮርጊሶች በ2009 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገብተው ለኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያ ሆነዋል፤ በአገር ውስጥ በዋንጫ ብዛት የሚደርስባቸው የለም። ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ሲገናኙ የሚሆነውን አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ተቀምጦ ያየ ሰው ይንገራችሁ።

በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ቢሆንም የዘመሮ ልጆች የለበሱት ማልያ የአርሰናልና የማንችስተር ነው። አልቆጣቸውም፤ ኳስ መውደዳቸው ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ የአርሰናልን አሰላለፍ አንድ ሳይቀር የሚዘረዝር ልጅ አየለ አትናሽ ማን ነው ሲባል ዝም ማለቱ ነው። የመጪው ገና የሰፈር ውድድር አዘጋጆች ዋንጫ የምንሰይምበት ስም አምጡ ብለውናል። እኔ የይድነቃቸውን አቅርቤያለሁ። ለሁለተኛ ለሚወጣው ደግሞ የአየለንና የጆርጅን፣ ሁለቱንም አንድ ላይ።