«ወላጅ አምጣ» እና ተማሪው የሚመራው ውይይት

በአገራችን ትምህርት ቤቶች «ወላጅህን አምጣ» ማለት አጥፍተሃል ማለት ነው፡፡ ተማሪው ሲደባደብ፣ ሲያረፍድ ወይም መስኮት ሲሰብር ወላጁ ይጠራል፡፡ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች ደግሞ ወላጅን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ ሌላም ጉዳይ አለ፤ የመዋጮ ስብሰባ፡፡ ክፍል ሲሠራ፣ አጥር ሲታጠር፣ ዴስክ ሲጠገን ገበሬው ገንዘብ፣ እንጨትና ጉልበት ያዋጣል፡፡ ልጁ ምን እንዳወቀ ግን በሁለቱም ጥሪ እምብዛም አይነሳም፡፡

መዋቅር ጠፍቶ አይደለም፡፡ ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ለወላጅ መምህር ኅብረት ቦታ ሰጥቷል፡፡ በኋላም ተማሪው ተጨምሮበት «ወመተህ» ተብሏል፡፡ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራምም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐበይት ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎታል፡፡ ሆኖም ኅብረቱ የሚመክረው ስለ ትምህርት ቤቱ እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይደለም፡፡ ስለ አንድ ልጅ የሚናገረው ካርዱ ነው፡፡ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ኮሙኒኬሽን ቡክ ከቤት ትምህርት ቤት ይመላለሳል፤ ፊደል ያልቆጠረ የስማዳ አባት ግን «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ ካርዱን የሚያነብለትም ያው ልጁ ነው፡፡ (የሚጠቅመውን ብቻ የሚያነብ ብልጥ አይጠፋም፡፡)

ልጁ መልእክተኛ መሆኑ ካልቀረ አዘጋጅቶ መላክ ይሻላል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ተማሪው የሚመራው ውይይት የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፡፡ መምህሩ ስለ ልጁ በማውራት ፈንታ ልጁ ሥራውን ለወላጁ ያሳያል፡፡ ከደብተሩ ሦስት ነገር ይመርጣል፤ አንድ የሚኮራበት፣ አንድ የተሻሻለበትና አንድ የከበደው፡፡ አስቀድሞ ከጓደኛው ጋር ይለማመዳል፡፡ በቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል፡፡ አምስት ስድስት ቤተሰብ በአንድ ክፍል በየዴስኩ ስለሚቀመጥ፣ ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ላለው መምህርም የሚቻል ነው፡፡ እሱ እየተዘዋወረ ያዳምጣል፣ ሲያስፈልግም ያግዛል፡፡

ማንበብ የማይችል ወላጅ እዚህ ላይ አይጎዳም፡፡ ልጅቱ «እማዬ፣ ይቺን በመስከረም አልችላትም ነበር፤ አሁን ስሚኝ» ብላ ስታነብ እናት የምትንተባተብበትንና የምትፈጥንበትን ትለያለች፡፡ ወላጅ እንዲጠይቅ የሚበረታታውም ቀላል ጥያቄ ነው፤ የቱ ከበደህ? ቤት ውስጥ ምን ያግድሃል? መልሱ ከብት ጥበቃ ወይም ውኃ መቅዳት ከሆነ ስምምነቱ አንድ ነጻ ሰዓት ይሆናል፡፡ ይህ ከመዋጮው በላይ ዋጋ ያለው ይመስለኛል፡፡

ነገሩ ለአካባቢው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፡፡ በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፡፡ እዚያ ደቀ መዝሙሩ መድረሱን የሚያስመሰክረው በመምህሩ ፊት ራሱ እያዜመ ነው፤ ስንተኛ ወጣህ የሚለውም የለም፡፡

ሁሉ ነገር ግን በዚህ ውይይት አይነሳም፡፡ ልትዳር የታሰበች ተማሪ ጉዳይ በልጅቱ አፍ፣ ጎረቤት በሚሰማበት ክፍል የሚወራ አይደለም፡፡ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻን ይከለክላል፤ መምህሩ ይህን ለብቻው፣ ምናልባትም ቤት ድረስ ሄዶ ከወላጆቿ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል፡፡ ቀድሞ ለጥፋት ብቻ ጠርቷቸው ከሆነ ግን ጆሮ አይሰጡትም፡፡

ዛሬ ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው የባከነው ጊዜ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፡፡ በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፡፡ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፡፡ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመለሰው ልጅ የክፍል ቁጥሩ ስለ ችሎታው ብዙ አይናገርም፡፡ አራተኛ ክፍል ተመዝግቦ ፊደል የሚያደናግረው ይኖራል፤ አባቱ ይህን ከካርድ ላይ አያገኘውም፣ ሲያነብ ከሰማው ግን ወዲያው ያውቀዋል፡፡

ቀን መምረጥም ብልሃት ይጠይቃል፡፡ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ገበሬው አይመጣም፤ በገበያ ቀንም እንደዚሁ፡፡ ከመንፈቁ ፈተና በኋላ፣ ሥራ በማይሠራበት የወሩ 12 ወይም 21 ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሆን አባትም እናትም ይገኛሉ፡፡